ወደ ሰማይ የሚያየው ሰሌዳችን መልእክት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የካቲት 18፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
የአየሩ ሁኔታ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስስ ደመና፤ ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ትመለሳለች። ባትሪው ሰባ ሁለት በመቶ።
የተገኙ፦ እኔ፤ ታላቅ ወንድሜ (መስኮቱ አጠገብ፣ ወንበሩ ላይ)፤ ኦክስጅን የሚያወጣለት ማሽን (በሥራ ላይ)፤ አራት ሰሌዳዎች (ጣሪያው ላይ)።
ሳያስፈቅድ የቀረ፦ የመስመሩ መብራት (ከመንገዱ ምሰሶ የሚመጣው)።

ለክቡር የጣሪያ፣ የአጥርና የማስታወቂያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለመላ ሰውነትዎ፣ በተለይም ለሳንባዎ፣ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ሳንባን ለይቼ የጠቀስኩት ጤነኛ ሰው እንዳለው እንኳ የማያስታውሰው ነገር ስለሆነና በእኛ ቤት ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚወራው ስለ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ በአካል ቀርቤ ላመሰግንዎ አልታደልኩም፤ ስለዚህ የልቤን ሰው ሁሉ በሚያነበው ደብዳቤ ላድርስ ብዬ ተነሣሁ። ነገ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሠራተኞችዎ ሰሌዳዎቻችንን ሊያነሱ ስለሚመጡ፣ ምስጋናዬ ሳይቀድሙኝ በተራ ቁጥር እንዲደርስዎ ፈለግሁ።

1ኛ/ በመጀመሪያ ለቃላት ስላለዎት ክብር አመሰግናለሁ። ጥፋቱ ከእኔ እንደ ጀመረ አልክድም። ቅጹ ላይ ‹‹ጣሪያው ላይ የሚተከለው ነገር›› ለሚለው ጥያቄ፣ ሰው ሁሉ ሶላር የሚለውን እኔ ‹‹የፀሐይ ሰሌዳ፣ ብዛት አራት›› ብዬ ሞላሁ። ቃሉን ያገኘሁት ሚስማር ተጠቅልሎበት ከመጣ የተቀደደ ወረቀት ላይ ነበር። የትምህርት ቤት ደጃፍ ስላልረገጥኩ ንባብ የለመድኩት እንዲህ ካለው ወረቀትና ወንድሜ አበላሽቶ ከሚጥላቸው ጽሑፎች ነው፤ ከዚህም የተነሣ ደህና ቃል ሳገኝ አስቀምጬ ቦታው ሲመጣ የማውጣት ክፉ ልማድ አለብኝ። ወንድሜ በጊዜው ‹‹አንቺ ልጅ፣ ሶላር በይና ገላግይን፤ ‹የፀሐይ ሰሌዳ› ያልሽ እንደሆነ ፀሐይ ሱቅ ከፈተች ብለው ነው የሚመጡብን›› ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

ወንድሜ በሰፈሩ ‹ብሩሽ› ይባላል። ሠላሳ ዓመት የሱቅ፣ የክሊኒክና የጋራዥ ሰሌዳ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። እንግዲህ መስኮት ቁጥር አራት ላይ ያለው ጸሐፊዎ ማመልከቻዬን ተቀብሎ የቤት ቁጥራችንን ሲያይ ፊቱ በራ። ‹‹ይሄ የብሩሽ ቤት አይደል እንዴ? ሰሌዳ ከሆነማ ማስታወቂያ ክፍል ነው!›› አለና ማኅተሙን አሳረፈበት። በዚያች አንድ ምት፣ ከፀሐይ መብራት የሚያወጡ አራት መስተዋት መሳይ ነገሮች አራት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ሆኑ። ይህን እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። ጸሐፊው ‹‹ማመልከቻው ከገባ መትከል ትችያለሽ፣ ፈቃዱ ይደርሳል›› ስላለኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነችው የወንድሜ ልጅም በሁለት ቀን ውስጥ ተክላ፣ ከባትሪው አያይዛ፣ የአባቷን ማሽን አበራችለት።

2ኛ/ ለቤታችን ስላሳዩት ጥልቅ ትኩረት አመሰግናለሁ። ከሳምንት በኋላ የደረሰኝ ሁለተኛው ቅጽ ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ። የሰሌዳው ፊት ወደየት አቅጣጫ ነው? ወደ ሰማይ ብዬ መለስኩ። እነማን እንዲያዩት ታስቧል? ፀሐይ፣ አልፎ አልፎም ወፎች። በሌሊት ይበራል ወይ? እሱ አይበራም፣ የምንበራው ከታች ያለነው ነን። የሰሌዳው መልእክት ምንድን ነው? የለውም።

ቅጹ በቀይ እስክሪብቶ ‹‹መልእክት የሌለው ሰሌዳ በደንቡ አይታወቅም›› ተብሎ ተመለሰልኝ። ወደ መስኮት ቁጥር አራት ሮጬ ‹‹ኧረ ልጄ፣ ሶላር ማለቴ ነው›› አልኩ። ጸሐፊው ከልቡ አዘነልኝ። ‹‹እሱን መጀመሪያ ነበር ማለት፤ አሁን ፋይል ተከፍቷል። በአንድ ጣሪያ ላይ ሁለት ፋይል አይከፈትም።›› እንግዲያው ይዘጋልኝ አልኩት። ‹‹ለመዝጋት ሰሌዳው መነሳት አለበት፤ የባዶ ጣሪያ ፎቶ ይዘሽ ነይ›› አለኝ። ለባዶ ጣሪያ ፎቶ ሲባል ወንድሜ ስንት ቀን ሳይተነፍስ መቆየት እንዳለበት ብጠይቀው፣ ‹‹እሱ እንኳ የእኛ ክፍል አይደለም›› አለ። ይህን ያለው በትሕትና ስለነበረ ስሙ በመልካም እንዲነሳለት እለምናለሁ።

3ኛ/ ፈቃዱን በሁለተኛው ቀን ስለ ሰጡኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና ሰሌዳው እውነት አፍ ቢኖረው ምን ይል እንደነበር አሰብኩ። ውሸት ጽፌ መፈረም አልወደድኩም። ከውስጥ ማሽኑ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ ትንፋሽ ይስባል፣ እንደገና ያጉረመርማል። ‹‹ወንድሜ ይተነፍሳል›› ብዬ ጻፍኩ። ሳነብለት ‹‹አሥር ፊደል፤ ሁለት መስመር ይበቃዋል›› ብሎ ሙያውን ተናገረ እንጂ ሌላ አላለም። እርስዎም ፈረሙበት። ክቡር ሆይ፣ የወንድሜን መተንፈስ በፊርማና በማኅተም ያጸደቀ ባለሥልጣን ከእርስዎ በፊት አላውቅም።

4ኛ/ ተቆጣጣሪ ስለ ላኩልን አመሰግናለሁ፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፍቀዱልኝ።

ባለፈው ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ፣ የወንድሜ ልጅ ሥራዋ ላይ በነበረችበት ጊዜ፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ የለበሰ ሰው አክባሪ ወጣት መሰላል ይዞ መጣ። የመጀመሪያ ቃሉ ‹‹እናቴ፣ ማብሪያውን ያጥፉልኝ፤ ሰው ጣሪያ ላይ ሲወጣ መጥፋት አለበት፣ መመሪያ ነው›› የሚል ነበር። የመስመሩ መብራት ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቷል፣ የታመመ ሰው አለ፣ ከመሰላሉ ላይ ሆነህ እይልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹‹ለእርስዎው ደህንነት ነው›› አለኝ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ከሚያጠፋው ማብሪያ ሌላ ስለማላውቅ እሱን አጠፋሁት።

ማሽኑ ሲቆም ቤቱ ምን ያህል ጸጥ እንደሚል አልነግርዎትም። ወንድሜን ወደ ትርፉ የኦክስጅን ሲሊንደር አዞርኩት፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆን ለአንድ ሰዓት ያህል ያስተነፍሳል፣ የሚሞላውም ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። የመለኪያው መርፌ ‹ሙሉ› ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ተቆጣጣሪዎ ጣሪያው ላይ ሲራመድ በቆርቆሮው ድምፅ ተከተልነው፦ እያንዳንዱን ሰሌዳ በአራት ማዕዘን ፎቶ አነሣ፣ ወረደ፣ ሜትሩን ረስቶ ኖሮ ተመልሶ ወጣ፣ ለካ፣ ወረደ፣ ቁጥሩን አላመነውም መሰለኝ እንደገና ወጣ። መርፌው ግማሽ ላይ ሲደርስ ሃያ ስምንት ደቂቃ ሆኖ ነበር። ቀዩን ሲነካ አርባ አንድ። የወንድሜ ከንፈር ቀለም ሲለወጥ እጄን ጨበጥ አድርጎ፣ ቃሉን እየቆራረጠ፣ ‹‹‹ማጨስ ክልክል ነው› ብዬ... ስንት ግድግዳ ላይ ጻፍኩ፤ ‹መተንፈስ ክልክል ነው› የሚለውን ግን... ማንም አላዘዘኝም ነበር›› አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅኩም።

በሃምሳ ሦስተኛው ደቂቃ ተቆጣጣሪዎ በር ላይ ቆሞ ሰደርያውን እያራገፈ፣ ‹‹እናቴ፣ ጽሑፉ የታለ? ፈቃዱ ላይ ‹ወንድሜ ይተነፍሳል› ይላል፤ እኔ ስፈልገው ግን የለም›› አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ነገር የተናገረ ሰው የለም። ሮጬ ማብሪያውን አበራሁ። ማሽኑ ሲነሳ ወንድሜን ከሲሊንደሩ ወደ ማሽኑ መለስኩት። ሲሊንደሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ ነው።

የሰጠኝ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ይላል፦ የጸደቀው ጽሑፍ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ቁመቱ ከአርባ ሴንቲሜትር ባላነሰ ፊደል፣ በማይለቅ ቀለም በሰሌዳው ላይ እንዲጻፍ፤ ይህ ካልሆነ አራቱም እንዲነሱ። ለመታዘዝ አልሞከርሽም እንዳይሉኝ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ‹ወንድሜ› የሚሉትን አራት ፊደላት ከካርቶን ቆርጬ መሰላል ላይ ወጥቼ አንዱ ሰሌዳ ላይ አስተኛኋቸው። የወንድሜ ልጅ ከታች ሆና ሰሌዳዎቹ የሚያወጡትን ኃይል በዋት ታነብልኝ ነበር። ስምንት መቶ ሃያ የነበረው ወደ አራት መቶ ወረደ። ‹‹አክስቴ፣ አንሺው!›› ብላ ጮኸች። ‹‹ተያይዘው እኮ ነው የሚሠሩት፤ አንዷ ከተጋረደች ሌላዋንም ይዛ ትወርዳለች። በዚህ ቁጥር ባትሪው ንጋት አይደርስም።›› ካርቶኑን አነሳሁት። ስለዚህ ‹‹ወንድሜ ይተነፍሳል›› ብዬ ከጻፍኩ ወንድሜ አይተነፍስም፤ ካልጻፍኩም ሰሌዳው ይነሳና አይተነፍስም። እንዲህ ያለ የተሟላ ደንብ ያረቀቀውን ባለሙያ ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

5ኛ/ ስለ ኮሪደርዎ አመሰግናለሁ። ይህ ከሌሎቹ ጋር የማይሄድ ሊመስል ይችላል። ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ የጽሕፈት ቤትዎን ሙሉ ስም በሰማያዊ የጻፈው ወንድሜ ነው። ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጅቷል፤ ቀለሙ የሚረጭ ነበር፤ ነፋሱ ወረቀት ይበትናል ስለተባለም መስኮቶቹ ሁለቱንም ሳምንት ተዘግተው ነበር። ሳንባው የተበላሸው በእርስዎ ኮሪደር ውስጥ ነው አልልም። ሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ኮሪደር አለ። ግን ለሦስት ቀን እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስብሰባዎ እስኪያልቅ ስጠብቅ፣ ከማነበው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ፣ ‹ፈቃድ› የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ፊደሉ እጅግ ያማረ ነው። ቀለሙ አንድም ቦታ አልፈሰሰም።

6ኛ/ ስድስተኛውን ምስጋና ባዶ ትቼዋለሁ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በሚሆነው ነገር ይሞላል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ትንሽ ነው፤ ፋይላችን ውስጥ ‹ሰሌዳ› የሚለውን ቃል ሰርዘው ‹ሶላር› ብለው እንዲጽፉልኝ ብቻ ነው። ቃሉን ወድጄው ነበር፤ ግን ልተወው ዝግጁ ነኝ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ስብሰባዎ እንዲሰምር፣ የቢሮዎም መስኮት እንደ ልብዎ እንዲከፈትና እንዲዘጋ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከፈቃድዎ በታች እፈርማለሁ፤

የብሩሽ እህት፣
የአራት ሰሌዳዎች ተጠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረቡዕ፣ የካቲት 19። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የመስመሩ መብራት ዛሬም አልተገኘም።

ደብዳቤውን ትናንት ዘግቼው ነበር። ወንድሜ ግን ማስጠንቀቂያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነበበኝና ‹‹‹በሰሌዳው ላይ› ነው የሚለው? በየትኛው ፊቱ እንደሆነ ተጽፏል?›› ብሎ ጠየቀኝ። አልተጻፈም። ዕድሜውን ሙሉ ሰሌዳ ሲገለብጥ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሰሌዳ ሁለት ፊት እንዳለው ከቢሮዎም ከእኔም በፊት ትዝ አለው። ወዲያው መቀስና ካርቶን አስመጥቶ፣ ማታ ድረስ፣ እያረፈ፣ አሥሩን ፊደል በየልካቸው ቆረጠልኝ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከወንድሜ ልጅ ጋር ጣሪያው ላይ ወጣሁ። እሷ የሰሌዳዎቹን መስመር ለየች፣ ባትሪውን አልነካችም፤ ማሽኑ መሥራቱን በቆርቆሮው በኩል እሰማ ነበር። በቁጥር 13 ቁልፍ አራት ብሎን ፈትተን አንዱን ሰሌዳ አወረድነውና ብርድ ልብስ ላይ በፊቱ አስተኛነው። ጀርባው ነጭ ነው፤ ለጽሑፍ የተሠራ ይመስላል። የቀለሙ ሽታ እንዳይደርሰው ከግቢው ማዶ ጫፍ ወስደን በካርቶኖቹ ልክ በጥቁር ቀለም ጻፍኩ። ወንድሜ ከመስኮቱ ሆኖ በእጁ ምልክት እየሰጠ፣ ‹ፍ›ን እንዳላጨናንቃት ሁለት ጊዜ ተቆጣኝ። የፊደሉ ቁመት አርባ ሁለት ሴንቲሜትር ነው፤ ከተጠየቅሁት ሁለት ይበልጣል፣ በስጦታ ይያዝልኝ። ሲደርቅ መልሰን ሰቀልነው፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ መስመሩ ተያያዘ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ባትሪው ሠላሳ ስምንት በመቶ።

ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ያው ተቆጣጣሪ ከሁለት ሠራተኞች ጋር መጣ። ወደ ጣሪያው አንጋጦ ‹‹እናቴ፣ ጽሑፉ የታለ?›› አለኝ። በተፈቀደው ልክ፣ በማይለቅ ቀለም፣ በሰሌዳው ላይ መጻፉን ነገርኩትና ቁጥር 13 ቁልፉን በሁለት እጄ አቀረብኩለት። ለማንበብ ሰሌዳውን መፍታት፣ ለመፍታት ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ለመውጣትም በራሱ መመሪያ ማብሪያውን ማጥፋት እንደሚያስፈልግ አስታወስኩት። ሲሊንደሩ ባዶ ስለሆነም ጽሑፉ ሲነበብ ውሸት ሊሆን ስለሚችል ፈጠን ብሎ እንዲያነብ አደራ አልኩት።

ቁልፉን ተቀበለ። ከዚያ ጫማውን በሩ ላይ አራግፎ ገባ። ወንድሜ ‹‹ና ግባ፣ አንባቢው አንተ ነህ?›› አለው። ማሽኑ ሲያጉረመርም፣ ትንፋሽ ሲስብ፣ እንደገና ሲያጉረመርም አዳመጠ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ‹‹ጽሑፉ የተረጋገጠበት መንገድ›› በሚለው መስመር ላይ ‹‹በመስማት›› ብሎ ጻፈና ፈረመ። ቁልፉን መለሰልኝ። ሠራተኞቹ መሰላላቸውን ወደ መኪናው ወሰዱ። ስድስተኛውን ምስጋና ለእሱ ሰጥቼዋለሁ፤ ለእርስዎ ስላልተረፈ ይቅርታ።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ወንድሜን ለልጁ ትቼ ወጣሁ። አራት ሰዓት ከአምስት ቢሮዎ ደረስኩ፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ይህን ደብዳቤ ከበርዎ አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአራት መርፌ እለጥፈዋለሁ። ጽሑፉ በፊት ለፊት በኩል ስለሆነ ለማንበብ ቁልፍ አያስፈልግዎትም።